የኢፌዲዮራ ጫማ

ፊልም በሚሠራባት በአሳባ ከተማ ውስጥ ተዋናዩ ኢፌዲዮራ ሲተውንና ከልቡ ሲናገር ለይቶ የሚያውቅ አንድ ሰው ቢፈለግ፣ እኔ አኩዶ ነኝ። ይሄን የምለው ጉራ ስለምወድ አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ ስለምወድም ነው። ዓይኔ ግን ዓይን ነው። ከትምህርት ቤት ጋር የተለያየነው ስድስተኛ ክፍል ላይ ቢሆንም የሰው ፊት ማንበብ የሚያስተምር ክፍል ስለሌለ የቀረብኝ ነገር የለም።

እናቴ ፊልም ሠሪዎች ከሚያርፉበት ሆቴል ጀርባ ምግብ ትሸጣለች። ታላቅ እህቴ ኡዞአማካ ደግሞ የተዋናዮቹን ልብስ ትሰፋለች። የኢፌዲዮራን ፊት የማያውቅ አሳባ ውስጥ የለም፤ ስሙን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ገበያ መሃል ሲያልፍ አንዷ «ፓስተር» ትለዋለች፣ አንዱ «ሌባው» ይለዋል፤ ቲማቲም ሻጯ ባለፈው ፊልም ሚስቱን ስለመረዘ ጭራሽ አትሸጥለትም። ንጉሥ ሆኗል፣ ጠንቋይ ሆኗል፣ ዘበኛ፣ እብድ፣ ዳኛ ሆኗል። ለእያንዳንዱ ሌላ አረማመድ፣ ሌላ ሳል አለው። ፍቅረኛ ሁን ያለው ግን የለም። ያ ሥራ ጥርሳቸው ላማረ ልጆች ነው።

ከእህቴ ጋር የተገናኙት ሞቶ ሳለ ነው።

ሬሳ ሣጥን ውስጥ እንደተኛ ነጭ ልብሱ ደረቱ ላይ ተተረተረ፤ ቀረጻው ቆመና ኡዞአማካ ተጠራች። ጎንበስ ብላ ስትሰፋ መርፌው ሥጋው ውስጥ ገባ። ሬሳው ቅንድቡን እንኳ አላነቃነቀም።

ሥራው አልቆ እኛ ጋ ሊበላ ሲመጣ ደረቱን እያሻሸ ፊቷ ቆመ።

«ወግተሽኛል እኮ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ሞቼ ነበራ።»

«ካሜራው እኮ ቆሞ ነበር።»

«እሱ ቆመ እንጂ እኔ መች ተነሣሁ?»

ኡዞአማካ ሳቋን ልትደብቅ ጎንበስ ብላ ድስት ማማሰል ጀመረች፤ ድስቱ ባዶ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ የኢፌዲዮራ ቁልፍ በየቀኑ ይበጠስ ጀመር።

«ይሄ ሰውዬ ሸሚዙን ይበላዋል እንዴ?» አለች እናቴ።

ስትሰፋለት ብዙ አያወሩም። እሱ ክሩን ያያል፣ እሷም ክሩን ታያለች። አንድ ቀን ብቻ፣ ክሩን በጥርሷ እየቆረጠች፣ «ፊልም ላይ ከምትሆናቸው ሰዎች ሁሉ አንተን የሚመስለው የትኛው ነው?» አለችው።

አሰበና ሳል አለ። «እንጃ። አንቺ ጋ ስቀመጥ የምስለው ይሄ ሳል እንኳ የማን እንደሆነ አላውቀውም።»

«እሱማ የራስህ ነው» አለችው። ከዚያ ያልተበጠሰውንም ቁልፍ ሁሉ ደግማ ሰፋችው።

አባታችን ስለሞተ የቤታችን ነገር የሚያልቀው በአጎታችን በማዚ ኢሎካ ነው። ማዚ ኢሎካ ኢፌዲዮራ እህቴን ሊያገባ እንደሚፈልግ ሲሰማ፣ «ሰው ብቻውን የሰው ልጅ ሊጠይቅ አይመጣም። ወገኑን ይዞ ይምጣ» አለ። የኢፌዲዮራ ጣጣ እዚህ ላይ ነው። ያለው አንድ ታላቅ ወንድም ነው፤ እሱም አይፈልገውም። አባታቸው የተቀበረ ቀን ኢፌዲዮራ ቀረጻ ላይ ነበር፤ የማያውቀው ሰው ሣጥን ላይ ተደፍቶ እያለቀሰ። ወንድሙ ያንን ፊልም አየው። ከዚያ ወዲህ ኢፌዲዮራ አገሩን ረግጦ አያውቅም።

«ሂድና እግሩ ላይ ውደቅ» አለችው እህቴ። «ወንድምህን ብቻ አምጣልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ሄደ። በማግስቱ ሲመለስ ጫማው እስከ ማሰሪያው ቀይ አቧራ ለብሷል።

«ታረቅን» አላት። «ቅዳሜ ይመጣሉ።»

ኡዞአማካ ቁጭ ብላ አቧራውን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችለት። እሱ አናቷን ቁልቁል እያየ ከንፈሩን ነከሰ። ዓይኔ ዓይን ነው ብያችኋለሁ፤ ደስታ ነው አልኩ።

ቅዳሜ ቀይ ቆብ የደፉ አራት ሽማግሌዎች መጡ። እንዲህ ያለ ወገን አይቼ አላውቅም። አገባባቸው፣ አቀማመጣቸው፣ የዘንባባውን ጠጅ አቀዳዳቸው። ለእንግዳ የሚቆረሰውን የኮላ ፍሬ የባረከው ታላቅ ወንድም ነኝ ያለው ነው። ከዚያ ተነሥቶ፣ «ይህ ልጅ አባቱን ሳይቀብር ቀረ» ሲል ድምፁ ተሰበረ፤ «ዛሬ ግን ወንድሜ ነው» ሲል አንዲት እንባ ወርዳ ጢሙ ላይ ቆመች። ማዚ ኢሎካ ራሱ አፍንጫውን ጠራረገ።

በዚህ መሃል ከእናቴ እጅ የድስት ክዳን አምልጦ ሲሚንቶው ላይ ጧ አለ።

አራቱም ባንዴ ፀጥ አሉ። አንዱ ቆቡን አስተካከለ። ታላቅ ወንድምየው ወደተነሣበት ቦታ ተመልሶ ተቀመጠ፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ ብድግ አለ፣ «ይህ ልጅ አባቱን ሳይቀብር ቀረ» ብሎም ንግግሩን ከመጀመሪያው ጀመረ። «ዛሬ ግን ወንድሜ ነው» ላይ እንባዋ እዚያው ቦታ ወረደች።

ቀረጻ ሲጀመር ሁለት እንጨት እንደሚያጋጩ አሳባ ውስጥ የማያውቅ የለም። ማዚ ኢሎካ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«በሉ ተነሡ» አለ። «ቀረጻው አልቋል።»

ኡዞአማካ ኢፌዲዮራን ግቢያችን ካለው ማንጎ ሥር ደረሰችበት። እኔም ባልዲ ይዣለሁ በሚል ሰበብ ተከተልኳት።

«ሽማግሌዎቹስ ይሁኑ» አለችው። «አቧራው ከየት መጣ?»

«ከጡብ ሠሪዎቹ ግቢ።»

«ራስህ ነህ የነሰነስከው?»

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«እኔ እኮ በቀሚሴ ነው የጠረግኩልህ።»

«ወንድሜ በሩን ቢዘጋብኝ አንቺንም አጣለሁ ብዬ ነው።»

«ቢዘጋብህ ደጃፉ ላይ አብሬህ እቀመጥ ነበር» አለች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «አሁን ግን እወድሻለሁ ስትለኝ አቧራው ነው የሚታየኝ።»

ወራት አለፉ። ንዌዊ ከምትባል ከተማ ኦቢዲኬ የሚባል የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ሊጠይቃት መጣ። ክፉ አይደለም፤ ሲስቅ ሆዱ ቀድሞ ይስቃል። ማዚ ኢሎካ ያመጣውን ጠጅ ጠጥቶ እሺ አለው፣ የድግሱም ቀን ተቆረጠ።

ድግሱ ሳምንት ሲቀረው፣ ማዚ ኢሎካ እኛ ጋ ሳለ፣ ኢፌዲዮራ አንድ ሰውዬ አስከትሎ በራችን ላይ ቆመ። ሰውዬው ጠጁን በዘይት ጀሪካን ነው ያመጣው። ሰላምታውን ረሳ፣ «እኔ... ወንድሙ... ማለት፣ ዘንድሮ የተከልነው የያም ሥር እንኳ አልያዘልንም» አለና ላብ አጠመቀው። እህቴ ሰውዬውን አላየችውም። ያየችው የኢፌዲዮራን ጫማ ነው። ጫማው ያበራል።

ወደ እኔ ዞረች። «አኩዶ፣ አንቺ ታውቂያለሽ። ይሄኛውስ?»

ሰውዬውን ከላይ እስከ ታች አየሁት። «ተዋናይ ነው» አልኩ። «እሱም ደካማ። ቃሉን እንኳ በደንብ አልያዘም።»

«ጫማዬን በር ላይ ጠርጌው ነው» አለ ኢፌዲዮራ ቀስ ብሎ። «ደግመሽ አቧራ እንዳታዪ ብዬ ነው።»

ኡዞአማካ ወደ ቤት ገባች።

በድግሱ ቀን፣ በደንባችን፣ ሙሽራዋ የጠጅ ዋንጫ ይዛ በእንግዳው መሃል ባሏን ትፈልጋለች፤ ወንዶቹም «ለእኔ፣ ለእኔ» እያሉ እጃቸውን ይዘረጋሉ። እናቴ የቀለበቻቸው ፊልም ሠሪዎች ሁሉ መጥተው ስለነበር ኢፌዲዮራም ከኋላ ተቀምጧል። እጁን ያልዘረጋ እሱ ብቻ ነበር። እህቴ እሱ ጋ ስትደርስ ቆመች። ሳል አለ፤ ያንን የራስህ ነው ያለችውን ሳል። እሷ አለፈችና ኦቢዲኬ ፊት ተንበረከከች።

ማዚ ኢሎካ ከወር በኋላ ለለቅሶ ወደ ኢፌዲዮራ አገር ሄዶ ነበር። እዚያ አንድ ሰው ግቢው ውስጥ ብስክሌት ሲጠግን አገኘ፤ ያው በራችን ላይ የቆመው ሰውዬ ነው። «እኔ... ማለት... ይግቡ» እያለ ላብ አጠመቀው። ፊቱ ቁርጥ ኢፌዲዮራ፣ በሩ አጠገብ ደግሞ ያ ጀሪካን።

ይሄ ለእህቴ ሲነገራት ቁልፍ እየተከለች ነበር። ቁልፉን ጨረሰች፣ ክሩን በጥርሷ ቆረጠች፣ ሌላ ቁልፍ አነሣች።

አሁን ኢፌዲዮራ አባት፣ አጎት፣ ጳጳስ እየሆነ ይሠራል፤ ስሙንም ሰው ማወቅ ጀምሯል። ባለፈው እሑድ ንዌዊ ሄጄ ከእህቴ ጋር ቦሎቄ ስንለቅም ኢፌዲዮራ በቴሌቪዥን መጣ። ልጁን የሚድር ሽማግሌ ነው። ኡዞአማካ እሱ ሲመጣ ፊቱን አታይም፤ ከታች፣ እግሩ የሚታይበትን ነው የምታየው። ሽማግሌው ዋንጫውን ለልጁ ሲያቀብል ሳል አለና እንባው መጣ።

«ይሄ ትወና አይደለም» አልኳት። «ይሄ የእውነቱ ነው። እኔ አውቃለሁ።»

«አንቺ» አለች ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል፣ «የእውነቱን ወንድም ደካማ ተዋናይ ያልሽ ልጅ ነሽ። ቦሎቄሽን ልቀሚ።»