ሃያ ሁለት ሰከንድ

የወንድሟ የከንፈር ጫፍ ሲርገበገብ አየችና ማንኪያውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። መጀመሪያ እያላመጠ መስሏት ነበር። ከዚያ ግን ግራ ጉንጩ ወደ ጆሮው ይሳብ ጀመር፤ ዓይኖቹ ግድግዳው ላይ ተተከሉ። ሳታስበው መቁጠር ጀመረች፤ የዓመታት ልማዷ ነው። ሃያ ሁለት ላይ ፊቱ ተፈታ።

የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ በቤት ስሙ ድንቡሼ ነው። የሚጥል በሽታው በቀን አሥሬ እየጣለው፣ መድኃኒትም አልመልሰው ስላለ፣ ከሦስት ቀን በፊት እዚሁ ሆስፒታል ጭንቅላቱ ተከፍቶ የበሽታው መነሻ ተቆርጦ ወጣለት። ከዚያ ወዲህ አንዴም አልጣለውም። እናታቸውም ዛሬ ነው ፈገግ ብላ ልብስ ልትቀይር ወደ ቤት ብቅ ያለችው።

«እቴ፣ አየሽኝ እንዴ?» አላት በሚጎተት አንደበት። ከፋሻው ሥር ያበጠው ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ምኑን?»

«አትሸውጂኝ! ለማዬ እንዳትነግሪ። ለሲስተርም። እንደገና ይከፍቱኛል። በእኔ ሞት!»

እሷም የፈራችው ያንኑ ነው። ከተናገረች ያ ሁሉ ስቃይ ከንቱ ሊቀር፣ እናቷም እንደገና ልታለቅስ ነው። ነርሷ በየሰዓቱ ነው የምታየው፤ እስክትመጣ ገና አርባ ደቂቃ አለ። እስከዚያ ዝም ብትልስ?

ድንቡሼ ማንኪያውን ሊቀበላት ግራ እጁን ዘረጋ። ጣቶቹ አልጨበጡም። ማንኪያው አንሶላው ላይ ወደቀ። ሁለቱም አዩት።

«ከፈለግህ ጥላኝ» አለችውና የጥሪውን ደወል ተጫነች።

«አሳባቂ!»

ነርሷ እየሮጠች ገባች። በጎኑ አስተኛችው፤ የዓይኑን ብሌን በባትሪ አየች፤ ጣቷን አስጨበጠችው።

«ስንት ሰከንድ ቆየ?»

«ሃያ ሁለት።»

«ከየት ጀመረ?»

«ከግራ ከንፈሩ። ከዚያ እጁ... እጁ እምቢ አለ። ሲስተር፣ ቀዶ ጥገናው ከሸፈ ማለት ነው?»

ነርሷ ሐኪሙን በስልክ ጠርታ ወደ እሷ ዞረች። «አልዋሽሽም፣ የእኔ እህት፤ ገና አላውቅም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከእብጠቱ የተነሳ እንዲህ ሊያጋጥም ይችላል። እጁም ለጊዜው ዝሎ ይሆናል። ግን ደም ፈሶ እንዳይሆን አሁኑኑ መታየት አለበት።»

ሲቲ ስካን ክፍል ወስደው እስኪመልሱት ድረስ ጥፍሯን በልታ ጨረሰች። ሐኪሙ ምስሉን አይቶ ደም አለመፍሰሱን ነገራቸው። ነርሷ እንደገና ጣቷን ስታስጨብጠው፣ ድንቡሼ እንደምንም ብሎ ያዘ፤ ላላ ያለ አያያዝ ነው፣ ግን ያዘ። እህቱን ግን ዞር ብሎ አላያትም።

ያን ጊዜ የእናታቸው ድምፅ ከኮሪደሩ ተሰማ፤ ከጥበቃው ጋር እየሳቀች ነው።

«እኔ ልንገራት?» አለች ነርሷ ቀስ ብላ።

ልጅቷ ተነሳች። «አይ፤ ያየሁት እኔ ነኝ።»

በሩ ጋ ስትደርስ ከኋላዋ፣ «እቴ» ሲላት ሰማች። «ቶሎ ተመለሺ።»

«መጣሁ» አለችና ወጣች።