የኋላው ወንበር

ትርንጎ በቀን ሦስት ጊዜ እንግዳ ይዛ ወደ ሙሽሪት ድንጋይ ትቀዝፋለች። በባለሁለት ወንበሩ ካያክ ጀልባ እሷ ከፊት፣ እንግዳው ከኋላ ይቀመጣሉ። ድንጋዩ ነጠላ ተከናንባ ጣና ላይ ቁጭ ያለች ሴት ይመስላል። እንግዳው እዚያ ወርዶ አመሻሽ ላይ በሞተር ጀልባ ይመለሳል፤ ትርንጎ ግን ከድንጋዩ ሥር አንድ ኮረት አንስታ ባዶው ወንበር ላይ ታስቀምጥና ብቻዋን ትመጣለች። ያስተማሯት ጀልባ ጠባቂው ጋሽ ይመር ናቸው። «ከዚያ ባዶ ወንበር ይዞ አይመጣም» ይላሉ፤ ለምን እንደሆነ አይናገሩም።

«እንቅልፍሽን የት ጣልሽው?» አሏት ለሦስተኛው ጉዞ ስትነሳ።

«ልጄ ማስተዋል በላችዋ፣ ጋሼ። ሌሊቱን በትኩሳት ስትቃጠል አደረች። ይቺን እንግዳ ላድርስና ልጄን ጤና ጣቢያ እወስዳታለሁ።»

ልጅቷ ዳር ካለው ዛፍ ጥላ ሥር ተኝታ እጇን አወዛወዘችላት።

እንግዳዋን አውርዳ ስትመለስ፣ ኮረቱን መርሳቷ ትዝ ያላት ግማሽ መንገድ ከመጣች በኋላ ነው። ብትመለስ ጤና ጣቢያው ይዘጋባታል። ቀዘፈች። ካያኩ እንግዳ እንደጫነ ሁሉ ከኋላው ዝቅ ብሎ ነበር፤ ነፋስ በሌለበት የበሰበሰ ደንገል ሽታ አንገቷ ላይ መጥቶ ይመለሳል፣ ደግሞ ይመጣል፣ እንደ ትንፋሽ። ከዚያ ከእሷ መቅዘፊያ ቀጥሎ ሌላ ነገር ውሃውን ሲመታ ሰማች፤ መጀመሪያ ዘግየት ብሎ፣ ቆይቶ ከእሷ እኩል። ልትዞር አሰበች፤ ግን ትከሻዋ ዝሏል፣ ካያኩም ቀሎላታል። በመጨረሻ መቅዘፊያዋን ጭኗ ላይ አሳረፈች። ካያኩ አልቆመም። ዓይኗን ጨፈነች።

ስትገልጠው ዳር ደርሰዋል። ጋሽ ይመር እስከ ጉልበታቸው ውሃ ገብተው እጃቸውን በትከሻዋ ላይ አሳልፈው ወደ ኋላ ዘረጉ።

«ዛሬስ ፈጠንሽ፣ ትርንጎ።»

«ልጄ ታማብኝ አይደል፣ ጋሼ» አለ ከኋላዋ የራሷ ድምፅ።

ማስተዋል «እማዬ!» እያለች መጥታ ከኋላው ወንበር የወረደችውን ሴት እርጥብ ቀሚስ አቀፈች። ትርንጎ ልትጣራ አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣትም። እግሯም አልታዘዛትም። ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ጤና ጣቢያው መንገድ ሲወጡ አየች።

ጋሽ ይመር ወደ ፊተኛው ወንበር ዞሩ።

«ባዶ ወንበር ይዛ መጣች እንዴ፣ ይቺ ትርንጎ?» ብለው አጉረመረሙና ከዳር አንድ ኮረት አንስተው ጭኗ ላይ አስቀመጡት።