ገጽ አሥራ አራት

ናሆም በጻፈው ጨዋታ ላይ ከሁሉ የከፋውን አስተያየት የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስሜን አላሰፈርኩም። ሰው ፊት ለፊት የማይደፍረውን ነገር ደብተር ላይ ሲሆን እንዴት እንደሚደፍር ያን ቀን በራሴ አየሁት።

ጊዜው የሁለት ሺህ አንድ ሚያዝያ ነው። ሸዋ ሮቢት በሚያዝያ እንዴት እንደምትነድ የኖረባት ያውቀዋል። ናሆም መናኸሪያው አጠገብ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ነበረው። ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓመት ተምሮ፣ አባቱ ሲሞቱበት አቋርጦ የተመለሰ ልጅ ነው። ከዚያ ይዞት የመጣው ዲግሪ ሳይሆን ጨዋታ ነበር።

ጨዋታው እንዲህ ነው። አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ይከባል። አንዱ መሪ ይሆንና ከመጽሐፉ ታሪኩን ያነባል። ሌሎቹ ሾፌር፣ ነጋዴ፣ መንገድ አሳዪ፣ ሽማግሌ ይሆናሉ። በየመንገዱ ምን እንደሚያደርጉ ራሳቸው ይወስናሉ፤ ይሳካላቸው እንደሆነ የሉዶ ዳይስ ይናገራል። ናሆም ይህን በአማርኛ ጻፈው፤ ሠላሳ ሁለት ገጽ፣ በስቴፕለር የተያዘ፣ «የጣርማ በር መንገደኞች» የሚል። ሽማግሌዎች ከቆላው በጭነት መኪና ተነስተው፣ ጉሙንና ጅቡን አልፈው፣ በተራራው የመኪና ዋሻ ወጥተው፣ ለአንድ ወጣት ሚስት ሊጠይቁ ደጋ ይሄዳሉ። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው።

ሰው ገዝቶ ቤቱ ይጫወተዋል፤ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ እዚያው ሱቁ ውስጥ ይሰበሰባል። በሩ ላይ በሲባጎ የታሰረ ደብተር ተንጠልጥሏል፤ «ክቡር ደንበኛችን፣ አስተያየትዎ ያሳድገናል» ይላል። ያን ጊዜ የአስተያየት መስጫ ያላንጠለጠለ ቤት አልነበረም፤ ቀበሌውም፣ ክሊኒኩም፣ ምግብ ቤቱም። ልዩነቱ ናሆም ያነበዋል። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት የሳምንቱን አስተያየት ጮክ ብሎ ያነብና ለእያንዳንዱ መልስ ይሰጣል።

«ጅቡ በዝቷል» ብሎ ጽፎ ነበር አንድ ሾፌር። «ሃያ ዓመት በዚያ መንገድ ስመላለስ ያየሁት ጅብ አንድ ነው፤ እሱም መብራት ሳበራበት ሸሸኝ።» ሌላው ደግሞ፦ «ስድስት ካልወጣ አባትየው እሺ አይሉም። ሦስት ቅዳሜ ወረወርን። ልጁ ቆሞ ሊቀር ነው።» ሁሉም የሚያነሱት ቅሬታ ግን አንድ ነበር፤ ገጽ አሥራ አራት የለም፣ ከአሥራ ሦስት ወደ አሥራ አምስት ይዘላል። ናሆም ለዚህ ሁልጊዜ አንድ መልስ ነበረው።

«ማሽኑ በልቶት ነው፤ ይስተካከላል።»

እኔ የሄድኩት የአሥረኛ ክፍል ውጤቴን ኮፒ ላስደርግ ነበር። ሃያ ዓመቴ ነው።

«ሾፌር ጎድሎናል» አለኝ ወረቀቴን እየተቀበለ። «መንዳት ትችያለሽ?»

«አባቴ ሾፌር ናቸው፤ እኔ የተማርኩት መሳደቡን ብቻ ነው።»

ያኔ ቀና ብሎ አየኝ። ሳቅ የያዘ፣ ግን የሚፈራ ዓይን ነበረው። ወረቀቴን ማሽኑ ላይ አስቀምጦ ክዳኑን መዝጋት ረሳ። ኮፒው ጥቁር ሆኖ ወጣ፣ እኔም ተቀመጥኩ።

ዋሻውን አልፈን፣ አንድ ጎማ ፈንድቶብን፣ የሙሽሪት አባት ቤት ደረስን።

«ሙሽሪትስ የት ናት?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ጓዳ።»

«ምን አለች?»

ናሆም ገጽ ገለበጠ። ከአሥራ ሦስት ወደ አሥራ አምስት። «አባትየው ይመልሳሉ» አለ፣ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ።

ስወጣ ደብተሩ ላይ ጻፍኩ፦ «መንገዱ ጥሩ ነው፤ ጅቡም ይሁን። ግን ይህን ሁሉ ሰው ተራራ ያስወጣችው ልጅ አንድ ቃል አትናገርም። ጨዋታው እንከን አለበት።»

በሳምንቱ ጮክ ብሎ አነበበው። ምንም ሳይመልስ ወደሚቀጥለው አለፈ።

እንዲህ ያናደደኝ ጨዋታው አይደለም፣ የእህቴ የበላይነሽ ነገር ነው። ከስምንት ዓመት በፊት ሽማግሌ ሲመጣላት ጓዳ ነበርን፣ እጄን ይዛ። አባቴ ሽማግሌ አላመላልስም የሚሉ ሰው ናቸው፤ በተቀመጡበት «እሺ» አሉ። በላይነሽ የራሷን ሠርግ ቀን ከመጋረጃ ኋላ ሰማች። ዛሬ ማጀቴ ከተማ የሦስት ልጆች እናት ናት። ባሏ ክፉ አይደለም። «ደህና ሰው ነው» ትላለች ስጠይቃት፣ ልክ ስለ ጎረቤት እንደሚወራ አድርጋ።

እንዲያም ሆኖ ቅዳሜ አልቀርም። ጨዋታው ሲያልቅ ናሆም እስከ ሮቢት ወንዝ ድልድይ ይሸኘኛል። ከድልድዩ አያልፍም፣ ሰው ያያል። አንዳንዴ መንገዱን ሙሉ አናወራም። እጁ እጄን ሳይነካ አጠገቤ ሲሄድ ግን እንደሚወደኝ አውቅ ነበር፤ እኔም እወደው ነበር፣ ምን ያስደብቀኛል። አንድ ቀን ድልድዩ ጋ ቆሞ፣ «ሳምንቱ ለምን ሰባት ቀን ሆነ?» አለኝ። ሌላ ነገር ብሎኝ አያውቅም።

መስከረም ላይ ደብረ ብርሃን የመምህርነት ትምህርት ደረሰኝ። ሦስት ዓመት ነው። አባቴ «እናያለን» አሉ። ለናሆም አልነገርኩትም። አትሂጂ እንዳይለኝ ፈራሁ፤ ሂጂ እንዳይለኝም ፈራሁ።

ለምዝገባው አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጎረቤቴ ማህሌት እየሮጠች መጣች። የምትሠራው በናሆም አክስት በእትዬ አሰገደች ምግብ ቤት ነው።

«ነገ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌ ይመጣባችኋል» አለችኝ። «እትዬ አሰገደች ጋሼ ወርቁን ከጀውሃ አስመጥተዋል። ለጥር ነው የሚያስቡት።»

መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ቀጥሎ ትምህርቱ ታወሰኝ። ጋሼ ወርቁ የመሩትን ሽማግሌ የመለሰ ሰው የለም። አባቴ «እሺ» ካሉ ትምህርቱ ቀረ ማለት ነው። የምወደው ሰው፣ በላይነሽን በወሰዳት መንገድ ሊወስደኝ ነው።

ከሰዓት ሱቁ ሞልቶ ነበር። ላናግረው ብል ስድስት ሰው ይሰማል። ደብተሩን ከሲባጎው ሳብኩና ጻፍኩ። ከዚያ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ።

ናሆም ማንበብ ጀመረ። የሚያብረቀርቅ ሸሚዝ ለብሷል፣ ፊቱ እንደ ዓውደ ዓመት ፈክቷል። የጅቡን ቅሬታ አንብቦ አሳቀ። ቀጠለ።

«ይህን ጨዋታ የጻፈው ሰው ነገ የእውነቱን ሊጫወት ነው። ለአክስቱ ነግሯል፣ ለሽማግሌ ነግሯል፣ ለአባትየው ሊያስነግር ነው። ጓዳ ያለችውን ግን...»

ድምፁ ተቋረጠ። ዓይኑ ከመስመሩ ተነስቶ እኔን ፈለገ። ማራገቢያው ብቻ ይዞር ነበር።

«ጨርሰው እንጂ» አለ ሾፌሩ።

«ዛሬ ጨዋታ የለም» አለ ናሆም። «ይቅርታ አድርጉልኝ።»

እያጉረመረሙ ወጡ። በሩን ገርበብ አደረገውና ሳይቀመጥ ጠረጴዛውን ይዞ ቆመ።

«አንቺ ነበርሽ? ከመጀመሪያውም?»

«እኔ ነኝ።»

«ንቀት መስሎሽ ነው? ሰብለ፣ እኔ እኮ ላከብርሽ ነው። የአቶ ካሳሁን ልጅ መንገድ ላይ ተጠየቀች እንዳትባዪ ነው ዝም ያልኩት። ሽማግሌ ሳይልክ አፉን የሚከፍት ወንድ ምን ይባላል?»

«እሺ የሚሉት አባቴ ናቸው። የምኖረው ግን እኔ ነኝ። ደብረ ብርሃን ትምህርት ደርሶኛል። ሦስት ዓመት። ነገ እሺ ከተባለ ቀረ።»

ፊቱ ላይ የነበረው ብርሃን ጠፋ። «አልነገርሽኝም።»

«አልጠየቅከኝም።»

ጥፋቱ ተካፍለን የያዝነው ነበር፤ የኔን ድርሻ ያኔ ለማመን ግን ልቤ አልፈቀደም።

«እንግዲያው ይቅሩ በላቸው» አልኩት።

«ሽማግሌ አንዴ ከተነሳ እንዴት ይመለሳል? ጋሼ ወርቁን ከጀውሃ አስመጥቼ ተመለሱ ብላቸው፣ እሳቸውንም አባትሽንም መስደብ ነው። ከዚያ በኋላ በማን በኩል እመጣለሁ?»

«እኔንስ?»

ዳይሱ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አንስቼ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። «ነገ ስድስት ይውጣልህ» ብዬው ወጣሁ። እስከ ድልድዩ ብቻዬን ሄድኩ።

እሁድ ሦስት ሆነው መጡ። እናቴ ጽጌ ጓዳ አስገባችኝና መጋረጃውን ሳበች። በላይነሽ ተቀምጣበት የነበረው ዱካ ላይ ተቀመጥኩ።

«ተቀመጡ እንጂ» አሉ አባቴ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም፣ አቶ ካሳሁን።» የጋሼ ወርቁ ድምፅ ቤቱን ሞላው። «ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል። ልጁን ያውቁታል፤ ናሆም ነው። ሥራ ያለው፣ ሰው አክባሪ።»

አባቴ ዝም አሉ። ያን ዝምታ አውቀዋለሁ። ከስምንት ዓመት በፊትም እንዲሁ ዝም ብለው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ነበር «እሺ» ያሉት። እናቴን አየኋት፤ እሷ መሬት መሬት ታያለች።

አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ...»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሉ ጋሼ ወርቁ። «መልስ ከመስጠትዎ በፊት አንድ ነገር አለ። ልጁ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጠብቆ ይህን ፖስታ ሰጠኝ። ልጅቷ ሳታነበው መልስ እንዳትቀበሉልኝ፤ እሺ ብትባሉም አልተባልኩም ነው የምለው አለ። አርባ ዓመት ስሸመግል እንዲህ ታዝዤ አላውቅም። ልመልስለት አስቤ ነበር።»

«ለምን አልመለሱለትም?» አሉ አባቴ። ድምፃቸው ደርቋል።

«እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።»

ውጭ የባጃጅ ድምፅ አለፈ። አባቴ የተቆጡ እንደሆነ፣ ሽማግሌዎቹን ሊያስወጡ እንደሆነ ከመጋረጃ ኋላ ማወቅ አልቻልኩም።

«ሰብለ» አሉ በመጨረሻ። «ነይ፣ ብቅ በዪ።»

ወጣሁ። ከቤታችን ጓዳ ሽማግሌ ቆሞ እያለ የወጣች ሴት የመጀመሪያዋ እኔ ሳልሆን አልቀርም። ፖስታውን ከፈትኩ። አንድ ወረቀት ነው፤ ከላይ ቁጥር አለው፣ አሥራ አራት። ከሥሩ በኮምፒውተር «ሙሽሪት ተጠየቀች። መልሷ፦» ይላል። ከዚያ በታች ገጹ ሙሉ ባዶ ነው። ግርጌው ላይ በእርሳስ፦ «ማሽኑ አልበላውም። መልስሽን ስለማላውቅ ነው ሳልጽፈው የቀረሁት፤ መጠየቅ ፈርቼ ነበር። እምቢ ብትዪም ቦታው ይኸው።»

«አንብቢው» አሉ አባቴ። አነበብኩት።

ጋሼ ወርቁ ከኮታቸው ኪስ እስክሪብቶ አውጥተው ዘረጉልኝ። አልተቀበልኳቸውም። ስሜን ሳልጽፍ ብዙ ጽፌያለሁ፤ አሁን ግን በአፌ መናገር ነበረብኝ።

«ናሆምን እወደዋለሁ» አልኩ። አባቴ ፊት እንዲህ ያለ ቃል ወጥቶኝ አያውቅም። «መልሴ እሺ ነው። ግን ትምህርቴን ስጨርስ ነው፣ ሦስት ዓመት። አልጠብቅም ካለ እምቢ ነው።»

አንደኛው ሽማግሌ ሳል መጣባቸው። አባቴ ወረቀቱን ከእጄ ወስደው ፊትና ጀርባውን አገላብጠው አዩት።

«ለበላይነሽ እንዲህ ያለ ወረቀት ያመጣላት የለም» አሉ፣ ለማንም እንዳልሆነ። «እኔም አልጠየቅኳትም።»

ጓዳ ውስጥ እናቴ ስታለቅስ ሰማኋት። አባቴ ወረቀቱን መለሱልኝና ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ።

«የልጅቷን ቃል ሰምታችኋል። የኔም ቃል እሱ ነው። በሉ አሁን ተቀመጡ።»

ናሆም ጠበቀ። በየአሥራ አምስት ቀኑ በአውቶቡስ በዋሻው እያለፈ ደብረ ብርሃን ይመጣል፤ የቆላ ልጅ ነውና በብርዱ ጥርሱ እየተፋጨ። ገጽ አሥራ አራትንም አስገባው። ሾፌሩ ደብተሩ ላይ «ገጹ መጥቷል፤ ጅቡ ግን አሁንም በዝቷል» ብሎ ጻፈ።

የተጋባነው በሁለት ሺህ አምስት ጥር ነው። ሠርጉ ካለፈ በኋላ በአንዱ ከሰዓት፣ ሱቁ ውስጥ ጠረጴዛ ከበን ተቀመጥን፤ ናሆም መሪ፣ አባቴ ሾፌር፣ ማህሌት ነጋዴ፣ እኔ ሽማግሌ። ሙሽሪት ጎድላ ስለነበር በላይነሽን አስቀመጥናት። ከማጀቴ ለሠርጉ መጥታ ገና አልተመለሰችም። ዋሻው ውስጥ ስንገባ ስትስቅ፣ ጎማው ሲፈነዳ በአባቴ ስታሾፍ ነበር።

ናሆም ገጹን ገለበጠ። «ሙሽሪት ተጠየቀች» ብሎ አነበበ፣ ወደ እሷ ዞሮ። «ምን ትመልሻለሽ?»

በላይነሽ ሳቋን አቆመች። እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ወረቀቱን አየችው፣ ከዚያ አባቴን አየቻቸው። አባቴ አንገታቸውን ደፉ። ማህሌት ዳይሱን ልታነሳ እጇን ስትሰድ ያዝኳት።

«እስቲ ላስብበት» አለች እህቴ፣ ቀስ ብላ።

ሁላችንም ጠበቅናት።