የቡሬው ጋሎን

ዓያንቱ ምጥ ጠንቶባት ከቡሬ ወደ መቱ ሐኪም ቤት ስትወሰድ፣ ካሚዮኑ ጎሬን አልፎ ቤንዚን ጨረሰና ቆመ። እዚያው መንገድ ላይ ከነልጇ ሞተች። ቀብሯ እንዳለቀ ባሏ አቶ ጎንፋ፣ የቡሬው ቤንዚን ነጋዴ፣ መርማሪውን ሻምበል ሁንዴሳን አስጠራ።

«ሾፌሩ ደበሳ ቤንዚኑን መንገድ ላይ ሸጦ ሚስቴን ገደለ! ይሰቀልልኝ!»

ኀዘን ነው፤ ምን ይባላል? ሻምበል ግን እንባ አይቶ ሰው የሚሰቅል አልነበረም። ደበሳ በካቴና ታስሮ ከጎንፋ ቤንዚን ሱቅ ደጃፍ ተቀምጧል።

«ከመቅዳትህ በፊት መኪናው ውስጥ ቤንዚን ነበር?» አለው ሻምበል።

«ጠብ የሚል አልነበረም፣ ጌታዬ። ሁልጊዜ የምቀዳው መቱ ነው። በክረምት ጭቃ እንኳ ዐሥር ጋሎን ከመቱ ቡሬ ያደርሰኛል። ጋሼ ጎንፋ ዘንድ ስቀዳ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።»

የሱቁ ሠራተኛ ሱሌማን ላብ አጥምቆታል። «ወላሂ በጋሎኑ ጣሳ ዐሥር ቀድቻለሁ! ጋሼ ‹ዐሥር ጋሎን ቅዳለት› ብለው ሚስታቸውን ሊያወጡ ሮጡ። ጣሳውን ስቀጠር እዚሁ ነው ያገኘሁት።»

የሟች እኅት ተጂቱ አብራ ተሳፍራ ነበር። «ዐሥር ነው፤ ቆጥሬያለሁ። ደበሳ የትም አልቆመም። እኅቴ ስትጮህ እሱም እያለቀሰ ይነዳ ነበር።»

ሻምበል ካሚዮኑ ሥር ገብቶ የቤንዚን ቱቦውን በጣቱ ዳሰሰ። ደረቅ ነው። ከዚያ ሁሉንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበና ከሐኪም ቤት የተዋሰውን የአንድ ሊትር መስፈሪያ አወጣ።

«ዐሥር ጣሳ ገብቷል። መንገድ ላይ አልተሸጠም፤ አልፈሰሰም። እንግዲህ የቀረን ጣሳው ነው። የአሜሪካ ጋሎን ይላል፤ ይህ በሊትር ሦስት ከሦስት ሩብ ግድም ነው። ሱሌማን፣ ውሃ ስፈርበት።»

ሦስተኛው ሊትር ሲገባ ጣሳው አፉ ድረስ ሞላ። ሻምበል ውሃውን ደፍቶ ቂጡን አንኳኳ።

«ከውስጥ ሌላ ቆርቆሮ ተበይዶበታል። በዐሥር ጣሳ ስምንት ሊትር ያህል ይጎድላል። ማን ነው ያስበየደው?»

ሱሌማን አቀረቀረ። ዓይን ሁሉ ወደ ጎንፋ ዞረ።

«እኔ ነኝ» አለ ጎንፋ። «ከገበያተኛው ላተርፍ ብዬ... ዓያንቱ ስትጮህ ጣሳው ጭራሽ ትዝ አላለኝም።»

ጉድ እኮ ነው! ለሰው ጉድጓድ ስትቆፍር አርቀህ አትቆፍር የሚባለውን ሳይሰማ አልቀረም፤ ግን ማን ልብ ይላል?

ሻምበል የደበሳን ካቴና ፈታ። ጎንፋ ወደ ሾፌሩ ዞረ። «ስምንቱ ሊትር ቢኖር የት ያደርሳት ነበር?»

«ይተዉት፣ ጋሼ።»

«ንገረኝ!»

«ከቆምንበት የሐኪም ቤቱ ቆርቆሮ ጣሪያ ይታይ ነበር። ተሸክመናት ቁልቁለቱን ስንጀምር እጃችን ላይ አለፈች።»

ተጂቱ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታ ተንሰቀሰቀች። ጎንፋ ሁለት እጁን ለሻምበል ዘረጋ።

«የማስርዎት ለሐሰት መስፈሪያው ነው» አለው ሻምበል። «ለዓያንቱ የሚሆን ሕግ የለኝም።»