ከታች የሚመልሰው

ማንንም ለማሳመን አይደለም የምጽፈው። የሆነው ግን ይህ ነው።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ ጠራራ ፀሐይ። ቦታው የአጎቴ ግቢ።

«እሰይ! ተተኪዬ መጣች» አለች የአጎቴ ሚስት በሩን ከፍታ። በእጄ የያዝኩትን የሥራ ቆብ አይታ ነው። አካፋ አስጨበጠችኝ።

«እትዬ፣ ጋሼን ላግዘው አይደለም የመጣሁት... ከግንቡ ላስወጣው ነው። ነገ ጠዋት ዶዘር ይመጣል።»

አካፋውን ከእጄ መንጭቃ አጥሩ ላይ አስደገፈችው።

«እንግዲያው አንቺው ንገሪው። እኔ ከዚያ ሰውዬ ጋር ተኮራርፈናል።»

አጎቴ ግቢው ውስጥ የሚሠራውን ረጅም ግንብ ሰፈርተኛው «ደመና ቧጣጭ» ይለዋል። አጎቴንም በዚያው ስም ይጠሩታል። የትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠ ግንበኛ ነው። በሕልሜ አየሁት ብሎ ጀመረው። በተሰበረ ሸክላ፣ በጠርሙስ ስባሪ፣ በብስክሌት ቸርኬ ወደ ላይ ካበው። የምሠራበት መሥሪያ ቤት ደግሞ አዘንብሏል፣ ይፍረስ ብሎ ፈረደበት።

አጎቴ ከጠቡ ወዲህ እዚያው ጫፍ ላይ ያድራል። ውስጡ እያለ ቢፈርስስ...

የራሱ ደንብ አለው። አንድ ረድፍ ሲጨርስ ግድግዳውን በመዶሻ ይመታል። ከታች ያለው ሰው መልሶ ይመታና የተቦካ ሲሚንቶ ገመድ በታሰረበት ባልዲ ይልክለታል። መልስ ካልሰማ ሌላ ድንጋይ አያስቀምጥም።

ከታች የምትቆመው ሁልጊዜ ሚስቱ ነበረች።

በግንቡ በር ጎንበስ ብዬ ገባሁ።

ውጭው እሳት ነው። ውስጡ ግን ይቀዘቅዛል።

ግድግዳውን ተደገፍኩ። ከሥር ያለው፣ ከዓመታት በፊት ተሠርቶ የደረቀው...

እጄን አረጠበው።

እጄን በልብሴ ጠረግሁ። መሰላሉን ይዤ ወጣሁ።

አጎቴ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀምጧል።

«ጋሼ...»

«አስተምሬሽ አፍራሽ ሆነሽ መጣሽ?» ዞር እንኳ አላለም። «ሚስቴ ያልጠላችውን አንቺ ልትጠዪው?»

«እሷማ ተቆጥታለች።»

«አፏ ነው የተቆጣው። እጇ ታርቆኛል። ይኸው፣ አሁን የላከችልኝ።»

ባልዲው አጠገቡ ነበር። እስከ አፉ ሙሉ። ገና ያልደረቀ።

በመስኮቱ ቀዳዳ ወደ ግቢው አየሁ። የአጎቴ ሚስት ማዶ ልብስ ታሰጣለች።

አጎቴ መታ።

ኳ...

ከታች መልስ መጣ።

ኳ...

የአጎቴ ሚስት ሁለቱም እጆቿ ልብሱ ላይ ናቸው።

«ጋሼ፣ እይ» አልኩት በሹክሹክታ።

አየ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ታዲያ ማን ነው?»

«እንውጣ ከዚህ።»

«በዚያው በር?»

ሌላ በር የለውም።

ወረድን። መሰላሉ ሥር ማንም የለም። መሬቱ ላይ የተቦካ ሲሚንቶ ተቆልሏል። ጎኑ ተዝቋል...

በአካፋ አይደለም። የጣቶች ዱካ ይታያል።

እጁን ይዤ እየጎተትኩ አወጣሁት። ሚስቱ ልብሱን ጥላ እየሮጠች መጣች።

«እግዜር ይመስገን! ምነው፣ ምን ሆንክ?»

«ከመቼ ወዲህ ነው መመለስ የተውሽው?»

«ከተጣላን ጀምሮ ነዋ። እንኳን ልመልስልህ፣ በዚያ በር አጠገብም አላለፍኩ።»

የአጎቴ እጅ አሁንም እጄ ውስጥ ነው። አትርፌዋለሁ ብዬ በረጅሙ ተነፈስኩ።

ከዚያ ከግንቡ ጫፍ...

ኳ...

ሦስታችንም እታች ነን።

በክፍቱ በር ገመዱ ሲንቀሳቀስ አየን። ያ እንደሞላ ትተነው የመጣነው ባልዲ ቀስ እያለ ወረደ። መሬት ነካና ቆመ።

ባዶ ነው።

ጠበቅን። ከታች የሚመልስ አልነበረም።

ኳ...

«እንዳትመልስ» አለች ሚስቱ፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ። «በሞቴ... እንዳትመልስ።»

አጎቴ ቀና ብሎ ጫፉን አየ። ፊቱ ላይ ፍርሃቱ የለም። ለሥራ የጠሩት ሰው ፊት ነበር።

እጄን ለቀቀ። ከአጥሩ አካፋውን አነሳ።

ገብቶ ባልዲውን ሞላው። ከዚያም ግድግዳውን መታ።