ያን መንገድ አልጽፈውም

«ማ ፒትኦም! ምን ሲደረግ! አልጽፈውም!» ሐረግ በዕብራይስጥ ጮኻ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። የአስረኛ ክፍል ተማሪ ሁሉ ዞሮ አያት።

መምህርት ኦሸሪት ለድርሰት ውድድሩ ርዕስ እያስመረጠች ነበር። «ዳኞቹ የተማሩ ሰዎች ናቸው፤ ሺህ ጊዜ ያነበቡትን አታምጡባቸው» ብላ ሁሉንም አስጠንቅቃለች። ኦሜር ስለ ሰፈሩ ድመቶች ልጻፍ ሲላት «ግሩም!» አለችው። ሐረግ ገና አፏን ሳትከፍት ግን «አንቺ የሱዳንን መንገድ ጻፊ» ብላ ቆረጠችላት።

«እኔ እኮ የተወለድኩት እዚሁ አፉላ ነው!»

«እናትሽ በሱዳን በኩል በእግሯ መጥታ የለ? ልብ የሚነካ ታሪክ ነው።»

ልብ የሚነካ! በሰባተኛም በዘጠነኛም ክፍል ያንኑ ጽፋለች። ለኦሜር አዲስ ነገር፣ ለእሷ የከረመ! ወደ ሰፈሯ ወደ ጊቫት ሃሞሬ በሚወጣው አውቶቡስ ውስጥም ንዴቷ አልበረደም።

እናቷ ማሬ ከፋብሪካ ገብታ ጫማዋን እያወለቀች ነበር። «ማን ነክቶብኝ ነው ፊትሽ እንዲህ የቀላው?»

ሐረግ ሁሉንም ነገረቻት። ማሬ አንድ እግር ጫማ በእጇ እንደያዘች ቀረች።

«ያን መንገድ እኔ የሄድኩት አንድ ጊዜ ነው። አንቺ ስንት ጊዜ ታስኬጅኛለሽ? አንድ ቀን እንኳ ‹እማዬ፣ ልጻፈው ወይ?› ብለሽኛል?»

ይሄኛው ከመምህርቷ ቃል ይልቅ አንገበገባት፤ እውነት ነዋ!

«ታዲያ ምን ልጻፍ?»

«እኔ ምን አውቄ! የራስሽ ጉድ የለሽም?»

ነበራት፤ ለማንም ያልተናገረችው።

ባለፈው ወር ጎረቤታቸውን እማማ አቻምየለሽን ልታስተረጉምላቸው ኩፓት ሆሊም ክሊኒክ፣ ሐኪም ዘንድ ወስዳቸው ነበር። ሐኪሙ እንዴት ነሽ ሲላቸው፣ ሆዳቸውን እንደያዙ «እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አሉ። ወጉ ነው፤ ሕመም የሚነገረው ምስጋናው ካለቀ፣ ጠያቂውም ደጋግሞ ከጠየቀ በኋላ ነው። ሐረግ ይህን አሳምራ ታውቃለች። ግን ጓደኞቿ ከተማ እየጠበቋት የእጅ ስልኳ፣ ፔሌፎኗ፣ ሁለቴ ጮኾ ነበር። «ደህና ነኝ ትላለች» ብላ ተረጎመች። ሐኪሙም የደም ግፊታቸውን ለክቶ ሸኛቸው። በሦስተኛው ቀን አምቡላንስ ወሰዳቸው፤ ለጥቂት ተረፉ። ከሆስፒታል ሲመለሱ «አፍ የሆነችኝ ልጅ» ብለው መረቋት። ያን ምርቃት ባሰበችው ቁጥር በራሷ ትናደዳለች።

ወረቀት አወጣችና አናቱ ላይ «ደህና ነኝ» ብላ ጻፈች። ሁለት ገጽ ሞላች። ከዚያ ወረቀቱን ይዛ የጎረቤቷን በር አንኳኳች።

«ምነው ልጄ፣ ደህና ነሽ?» አሉ እማማ አቻምየለሽ።

«እግዜር ይመስገን፣ ደህና…» ምላሷን ነከሰች። «አይ፣ ደህና አይደለሁም። በድዬዎታለሁ። የጻፍኩትን ላንብብልዎ፤ እምቢ ካሉኝ እቀደዋለሁ።»

አሮጊቷ ወንበር ሳቡላት። «እስቲ ልስማው።»

ድርሰቱ በዕብራይስጥ ነበር። ሐረግ ቁጭ አለችና፣ አንድም ቃል ሳትዘል ወደ አማርኛ መተርጎም ጀመረች።