ሳትጠይቁ አትጉረሱ

ሳዶቅ ለባንኮክ ተጓዦች ያልሰጠው ምክር አልነበረም። የቧንቧ ውኃ አትጠጡ፤ ባለ ሦስት እግሯ ታክሲ ላይ ሳትወጡ በዋጋ ተስማሙ፤ ቤተ መቅደስ ስትገቡ ትከሻና ጉልበት ሸፍኑ፤ የማታውቁትን ምግብ ሳትጠይቁ አትጉረሱ። ይህን ሁሉ በቪዲዮ ሲመክር ኖሮ፣ ለንደን፣ ሰቨን ሲስተርስ ሰፈር፣ ከፀጉር ቤት በላይ ባለችው ቢሮው ውስጥ፣ እሑድ ምሳ ላይ ሞተ። ሽሪምፕ የሚሉት የባሕር ምግብ አይስማማውም ነበር፤ ቢቀምሰው ጉሮሮው ይዘጋል። ከጥርሱ ሥር የተገኘው የተፈጨ ሽሪምፕ ነው። ለዚህ ክፉ ቀን የሚይዛት ማስታገሻ መርፌ ደግሞ ከወገብ ቦርሳው ጠፍታ መታጠቢያ ቤቱ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ተገኘች።

መርማሪ ኤልፍነሽ ስትደርስ እንግሊዛዊው አለቃዋ ነገሩን ጨርሶት ነበር። የሟቹ ሚስት ዲና አብስላለች፣ ጠዋት ተጣልተዋል፣ በቃ። አራት ሰው ከአንድ ትሪ እንደሚበላ ሲነገረው ፊቱን ያጨማደደ ሰው ነው። የምግቡ ምርመራ እንደደረሰ ሚስቲቱን አስራለሁ አለ። ዲና ሁለት ልጆች አሏት፤ በዚህ አገር ሌላ ዘመድ የላትም። እሷ ከታሰረች ልጆቹ የማያውቁት ሰው ቤት ያድራሉ።

«በምን ተጣላችሁ?» አለቻት ኤልፍነሽ።

«በሳህሉ። የማያውቀውን ያወራል፣ ዛሬውኑ አሰናብተው አልኩት። እሱ ግን ምሳውን ይብላና እነግረዋለሁ አለኝ።»

«ምግቡስ?»

«የጾም ነው፤ ሽሮና ጎመን። የምገዛውን ሁሉ ቼክ አደርጋለሁ። ባሌ እኮ ነው።»

ሳህሉ የሳዶቅ ሸሪክ ነው። ቢሮ ውስጥም የፀሐይ መነጽሩን አያወልቅም፤ ፀሐይ ግን ለንደን ውስጥ ስንት ቀን እንደምትወጣ የታወቀ ነው።

«ይኸውልሽ የኔ እህት፣ እኔ ባንኮክን እንደ ሰፈሬ እንደ ቶተንሃም ነው የማውቃት። ሳዶቅ ወንድሜ ነበር። ከዚያው ትሪ በልቻለሁ፣ ምንም አልሆንኩም። ያበሰለችውን ጠይቂ።»

«እርስዎ ሽሪምፕ ይስማማዎታል?»

«በደንብ።»

«እንግዲያው አለመታመምዎ ምንም አያስረዳም» አለችና ጥላው ሄደች።

ከትሪው ከበሉት ቀሪዋ እትዬ አልታየሽ ናቸው፤ ባንኮክ የምትኖር ልጃቸውን ሊጠይቁ ምክር ፍለጋ የመጡ።

«ምሳው ሲቀርብ፣ መድኃኒት ከእጅ አይለይ ብሎ መርፌዋን አሳየኝ። መልሶ ቦርሳው ከተታትና ወንበሩ ላይ ሰቀላት።»

«ከዚያ በኋላ ማን ከትሪው ተነሣ?»

«ዲና ከተቀመጠች ባሏ እስኪወድቅ አልተነሣችም። ሳህሉ ነው አጉርሶት ሊታጠብ የተነሣው። አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ድገመው እንጂ ስለው ጥሎኝ ሄደ።»

«ስለ ባንኮክስ ምን መከሩዎት?»

«ሳህሉ በቪዲዮው፣ መነኩሴ ስታገኙ ቀርባችሁ እጁን ሳሙ ብሏል። ቅዳሜ ቀጠሮ ልይዝ መጥቼ፣ ሳህሉ ባለበት ይህንን ለሳዶቅ ስነግረው ፊቱ ተለዋወጠ።»

ኤልፍነሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ፈገግታዋ ግን ደግነት አልነበረበትም።

የምርመራው ውጤት በደረሰ ዕለት ሦስቱን እዚያው ቢሮ ሰበሰበቻቸው። አለቃዋ በር ላይ ቆመ፤ ዲና ሰዓቷን ደጋግማ ታያለች።

«ትሪው ላይ በተረፈው ምግብ ሽሪምፕ የለም» አለች ኤልፍነሽ። «ድስቱም ውስጥ የለም። ስለዚህ ዲና አላበሰለችውም። ሽሪምፑ የገባው አንድ አፍ ብቻ ነው። ከትሪው ሳይነካ አንድ አፍ የሚገባ ምግብ ደግሞ ጉርሻ ነው።»

«ማጉረስ ወንጀል ሆነ?» አለ ሳህሉ።

«አንድ ጊዜ ማጉረስ ለእኛ ነውር ነው፤ ይህን እርስዎም ያውቃሉ። እትዬ አልታየሽ ድገመው ሲሉ ለምን አልደገሙም?»

«ማሳል ጀምሮ ነበር።»

«ሳዶቅ ገና ሳይውጥ ነው ሳህሉ የተነሣው፣ ልጄ» አሉ አልታየሽ።

«ይዞት የመጣውን ሽሪምፕ ጉርሻው ውስጥ ሲደብቅ ጣቶቹ ሸተቱ» አለች ኤልፍነሽ ወደ ዲና ዞራ። «በእነሱ ወደ ትሪው መመለስ አልቻለም። ሰው በምግብ መሃል የማይታጠበውን እጅ ታጥቦ በመታጠቢያ ቤቱ ፎጣ አደረቀ፤ ፎጣው ላይ ሽሪምፕ ተገኝቷል። ሲነሣ ከቦርሳው ያወጣትን መርፌም በዚያው ጣለ። መርፌዋ ምሳው ሲቀርብ ቦርሳው ውስጥ ነበረች፤ ሳዶቅ እስኪወድቅም ከእሱ በቀር የተነሣ የለም።»

«ለምን ብዬ ወንድሜን እገድላለሁ?»

«ባንኮክን ረግጠህ ስለማታውቅ።» ከእርስዎ ወደ አንተ ስትወርድ ሳህሉ መነጽሩን አወለቀ። «እዚያ መነኩሴን ሴት አትነካም። አንተ ግን የሰፈርህን ቄስ አስበህ፣ ሴቶችንም ጭምር እጁን ሳሙ ብለህ መከርክ። ሳዶቅ ይህን ሲሰማ ውሸታም መሆንህን ዐወቀ፤ አንተም ማወቁን ዐወቅህ። ሰው የገደልከው አየሁ ያልከውን አገር አለማየትህ እንዳይታወቅብህ ነው። ከዚህ ያነሰ ምክንያት ሰምቼ አላውቅም።»

ሳህሉ ወለሉን እያየ፣ «በሁሉም ፊት ሊያዋርደኝ ነበር» አለ።

«ብቻህን ሊነግርህ ነበር፤ ያውም ምሳህን ከበላህ በኋላ» አለች ኤልፍነሽ።

አለቃዋ ግራ ገብቶት፣ ሰውየው እንዲህ ጠንቃቃ ከነበረ የሰጡትን ምግብ ምን እንዳለበት ለምን እንዳልጠየቀ ጠየቃት።

ለእሱ መመለስ ደከማት። አጉራሹን ምን አለበት ብሎ የሚጠይቅ ሐበሻ ከየት ይመጣል? ሳዶቅም ያን ሁሉ ምክር ለባንኮክ እንጂ ለገዛ ገበታው አልሰጠውም።

ሳህሉን ይዘውት ወረዱ። ዲና ኮቷን አነሣች፤ ልጆቿ ከትምህርት ቤት ሊወጡ ነው። በሩ ጋ ደርሳ ቆመች።

«እጅህ ይባረክ ብሎት ነበር» አለች። «ሲያጎርሰው።»

ደረጃውን ወርዳ ወደ ልጆቿ ሄደች።